እንደ ሊፕካ ገፈፉት

አንድ ሩሲያዊ ኪሱ በሌባ ሲራገፍ ወይም ቁማር ተበልቶ ባዶ እጁን ሲቀር «ኦቦድራሊ ካክ ሊፕኩ» ይላል። «እንደ ሊፕካ ገፈፉኝ» ማለቱ ነው። ሊፕካ ትንሽዬ ሊፓ ነች። ሊፓ ደግሞ ቅጠሉ የልብ ቅርጽ ያለው፣ አበባው ንብ የሚጠራ ዛፍ ነው። «ገፈፈ» ለዚህ አባባል ልክ የተሰፋ ቃል ይመስላል። በኛም አገር ቆዳ ይገፈፋል፣ መንገደኛም በሽፍታ ይገፈፋል።

አባባሉ የመጣው ከጫማ ነው። የድሮ የሩሲያ ገበሬ የሚጫማው ላፕቲ ከሊፓ ልጥ የሚታታ ነበር። ላፕቲ ቶሎ ያልቃል። ለአንድ ጥንድ ደግሞ አንድ ወጣት ዛፍ አይበቃም። ልጡ የሚላጠው ፀደይ አልቆ በጋ ሲገባ ነው። ያኔ ግንዱ ውስጥ ፈሳሽ ስለሚሞላ ቅርፊቱ በቀላሉ ይለቃል። ዛፏ ራቁቷን ትቀራለች፤ ከዚያ ትደርቃለች። ለሰውነት መፋቂያ የሚሆነውን ልጥ ደግሞ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው ያቆዩታል። እኔ ይህን ሳስብ የሚመጣብኝ «ልጡ የተራሰ፣ ጉድጓዱ የተማሰ» የሚለው የኛው አባባል ነው።

ስሙስ? ሩሲያና ፖላንድ «ሊፓ»፣ ሊቱዌኒያና ላትቪያ «ሊኤፓ» ይሉታል። የቋንቋ አጥኚዎች ከነዚህ ተነስተው «ሌይፓ» የሚመስል ጥንታዊ ቃል መልሰው ሠርተዋል። ማንም ጽፎት ስላልተገኘ ፊቱ ላይ ኮከብ ያደርጉበታል። የላትቪያዋ ሊኤፓያም፣ የጀርመኗ ላይፕዚግም በዚሁ ዛፍ የተጠሩ ከተሞች ናቸው። በሊቱዌኒያ ሐምሌ ራሱ «ሊኤፓ» ነው፤ አበባው የሚፈነዳው ያኔ ነዋ! በክሮኤሺያ ግን ሙቀቱ ስለሚቀድም «ሊፓኝ» ሰኔ ነው።

ከዚያ ወዲያ መገመት ነው። በሊቱዌኒያ «ሊፕቲ»፣ በሩሲያ «ሊፕኑት» መጣበቅ ማለት ነው። ስለዚህ ብዙዎች ስሙን ከቅርፊቱ ሥር ካለው የሚያጣብቅ ነገር ጋር ያያይዙታል። እኔም ግምቱ ደስ ይለኛል፤ ስሙም አባባሉም ከአንድ ልጥ ተላጡ ማለት ነዋ። ችግሩ «ሊኤፓ» ላይ ያለው የጥንት የድምፅ አጣጣል ከመጣበቁ ግሥ ጋር አይገጥምም። በዚህ የተነሳ ክርክሩ አልተዘጋም።

ልጡ ሌላም አባባል ወልዷል። ስካር አንደበቱን ያሰረውን ሰው ሩሲያዎች «ልጥ እንኳ አያስርም» ይሉታል። ልጥ ማሰር እኮ የገጠር ልጅ ሁሉ የሚችለው ሥራ ነበር።