ከጉሮሮ ወደ ልብ፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ የሩማቲክ የልብ ሕመም ምርምር

ወደ አየር ጤና በሚወስደው መስመር ታክሲ ላይ «አለርት ወራጅ አለ!» ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የቆዳ ሕክምና ነው። ልብ ትዝ የሚለው የለም። እዚያው አለርት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያለው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ግን የልብ ሕመምን ምንጭ በልጆች ጉሮሮ ውስጥ ፈልጓል።

ኢንስቲትዩቱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ስሙ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 ያገኘው የኖርዌይ ሐኪም ስም ነው። ሥጋ ደዌ ያለበትን ሰው ከመንደር ማራቅ የተለመደ ነበርና ሆስፒታሉም የተሠራው ያኔ ከከተማ ውጭ በነበረው ዘነበወርቅ ነው። አሁን ከተማው አልፎት ሄዷል። ዋና ሥራው እስከ ዛሬ ሥጋ ደዌ፣ ቲቢና መሰል ተላላፊ በሽታዎች ናቸው። ልብ የመጣው በተላላፊ በሽታ በር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልብ ሕመም ሲባል ደም ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል ይነሳሉ። እነሱም በከተማው እየበዙ ነው። ልጆችንና ወጣቶችን የሚያጠቃው ግን ሌላ ነው፤ ሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። መነሻው ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ የሚያመጣው የጉሮሮ ቁስለት ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች በብዛት ይያዛሉ። አንድ ክፍል ውስጥ አምስት ስድስት ሆኖ ማደር ለባክቴሪያው ሠርግና ምላሽ ነው።

ልጁ ጉሮሮዬን ሲል «ቶንሲል ነው» ይባላል። ዝንጅብል በማር ይሰጠዋል፤ አንዳንዱ ቤት እንጥሉን ያስቆርጡታል። በጥቂት ቀን ይሻለዋል። ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቱ ያብጣል፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ። «ብርድ መትቶት ነው» ተብሎ ወጌሻ ጋ ይሄዳል። በዚህ መሃል ሰውነቱ ራሱን ማጥቃት ጀምሯል። በባክቴሪያው ላይ ያለው ኤም የተባለ ፕሮቲን ከልብ ጡንቻ ፕሮቲን ጋር ይመሳሰላል፤ ስለዚህ መከላከያው ወዳጅና ጠላት ይምታታበታል። በተደጋጋሚ ሲያገረሽ የልብ ቫልቮች፣ ማለትም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉት በሮች፣ ይጠባሉ ወይም መዝጋት ያቅታቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በግራ በኩል ያለው ማይትራል ነው። ብዙዎች ይህን የሚያውቁት ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው፣ አንዳንዷ ደግሞ ስታረግዝ ነው።

ላብራቶሪው ውስጥ ሥራው የሚጀምረው በጥጥ ነው። ጫፉ ላይ ጥጥ ያለበት ቀጭን እንጨት የቶንሲሉን አካባቢ ይነካል። ልጁ ሊያስመልሰው ይፈልጋል፣ ዓይኑ እንባ ያቀራል፤ በሁለት ሴኮንድ ያልቃል። ናሙናው ብለድ አጋር በሚባል ደም የተቀላቀለበት ቀይ ሳህን ላይ ይጫራል። ደሙ የበግ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሰጥ ኢንኩቤተር (ባክቴሪያ የሚያድግበት ሞቃት ሣጥን) ከሌለ ሳህኖቹ ማሰሮ ውስጥ ይደረደራሉ፣ ሻማ ይለኮሳል፣ ክዳኑ ይገጠማል። ሻማው ነድዶ ሲጠፋ ማሰሮው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨምራል። በጣም ቀላል ብልሃት ነው፤ እኔ በበኩሌ ከብዙ ውድ ማሽን ይልቅ የሚያስገርመኝ ይሄ ነው። በማግስቱ ባክቴሪያው ካለ በያንዳንዷ ነጠብጣብ ዙሪያ ደሙ ተበልቶ ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል።

ባክቴሪያው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አሜሪካዊቷ ሬቤካ ላንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ1933 ባወጣችው አመዳደብ ምድቡ «ኤ» ነው። በኤም ፕሮቲኑ ዘረ መል ሲለይ ደግሞ ከ200 በላይ ዓይነት አለው። የኢንስቲትዩቱ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በድሬዳዋ ጤነኛ ተማሪዎች ጉሮሮ ውስጥ ያገኙት ይህንኑ ነው፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ልጆቹ አልታመሙም፣ ዓይነቱ ግን እጅግ የተለያየ ነበር። ይህ ለክትባት ትልቅ ራስ ምታት ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ በብዛት የሚታዩትን ዓይነቶች ይዞ የሚሠራ ክትባት እዚህ ብዙ ቀዳዳ ይኖረዋል። እስካሁን ለገበያ የበቃ ክትባት የለም።

መድኃኒቱ ግን አለ፤ አሮጌው ፔኒሲሊን። ይህ ባክቴሪያ እስከ ዛሬ አልተላመደውም። አንዴ ሩማቲክ የያዘው ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ቤንዛታይን የተባለውን የፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ይወጋል። ያማል፤ ልጆች ቀኑ ሲደርስ ይደበቃሉ። ጥቅሙ ግን በደንብ ተመዝኗል። በኡጋንዳ ሕመሙ ጀምሯቸው ገና ምልክት ያልታየባቸው ልጆች ለሁለት ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ጥናት ሕመሙ የባሰባቸው መርፌውን ከወሰዱት 0.8 በመቶ፣ ካልወሰዱት 8.2 በመቶ ናቸው።

ቫልቩ ከተበላሸ በኋላ ቀዶ ሕክምና ነው። በብረት ቫልቭ የተቀየረለት ሰው ደሙ እንዳይረጋ ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን ይወስዳል፣ ላብራቶሪም ይመላለሳል። የሚለካው ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ ነው፤ አይኤንአር ይባላል፤ ለብረት ማይትራል ቫልቭ አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 እንዲሆን ይፈለጋል። ቫልቩ በብረት ሳይቀየር የልብ ምቱ ለተዛባ የሩማቲክ ታማሚ ግን ምርመራ የማይፈልገው አዲሱ ሪቫሮክሳባን ዋርፋሪንን ይተካዋል ተብሎ ነበር። ከ4500 በላይ ሩማቲክ ታማሚዎች የተሳተፉበት እ.ኤ.አ. የ2022 ጥናት፣ ለነዚህ ሕሙማን የድሮዎቹ እንደ ዋርፋሪን ያሉ መድኃኒቶች እንደሚሻሉ አሳየ። ዋርፋሪንን ደግሞ ቫይታሚን ኬ ይቃወመዋል፣ ጎመን ደግሞ በቫይታሚን ኬ የተሞላ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሽሮና ጎመን ይበዛል፤ የአይኤንአር ቁጥሩም ይወርዳል፣ ማለትም ደሙ ቶሎ ይረጋል። ጎመን ተው ማለት አያስፈልግም። በጾምም በፍስክም ተመጣጣኝ መጠን ይብላ፣ ከሁዳዴ መግቢያ በኋላ ደግሞ አንዴ ይመርመር።