አንክሮ በእንጦጦ ቁልቁለት

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣

ጠዋት በእንጦጦ ማርያም ኪዳን አድርሰን ስንወርድ፣ ጭጋጉ ከባሕር ዛፉ መካከል እየተነሣ ከተማዪቱ ከእግራችን ሥር ስትገለጥ፣ አብዛኞቻችን የቤት ኪራዩንና የታክሲ ሰልፉን እያሰብን አቀርቅረን እናልፋለን። እኔማ ያን መንገድ ለብዙ ዓመታት የማውቀው በድንጋዩ ብቻ ነበር።

አባቶቻችን የእግዚአብሔርን ሥራ አይቶ መደነቅን ከጸሎት አልለዩትም፤ «አንክሮ» እና «ተደሞ» የሚሉት ልብ ከአድናቆት የተነሣ ቃል አጥቶ ጸጥ የሚልበትን ሁኔታ ነው። ቅዱስ ዳዊት ጨረቃንና ከዋክብትን ተመልክቶ «ታስበው ዘንድ ሰው ምንድር ነው?» ሲል (መዝ. 8፥4) ራሱን መናቁ አይደለም፤ ወዲያው ይኸው ሰው የክብርና የምስጋና ዘውድ እንደ ተቀዳጀ ይናገራልና። ማነስ ሌላ፣ መናቅ ሌላ ነው። የተናቀ ሰው ስለ ራሱ ማሰቡን ማቆም ያቅተዋል፤ በፈጣሪው ሥራ ፊት ያነሰ ሰው ግን ለጥቂት ጊዜ ራሱን ይረሳል፤ ጭንቀቱም አብሮት ያንሳል።

ይህን በዘመናችን ያጠኑ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት፣ በሳን ፍራንሲስኮ ያሉ ተመራማሪዎች አረጋውያን ለ8 ሳምንታት፣ በየሳምንቱ ለ15 ደቂቃ፣ ያዩትን ሁሉ እንደ አዲስ እያስተዋሉ እንዲራመዱ አደረጉ። ተጓዦቹ በየመንገዱ ራሳቸውን ፎቶ ያነሡ ነበርና፣ ሳምንታቱ ባለፉ ቁጥር በሥዕሉ ውስጥ የራሳቸው ምስል እያነሰ፣ ፈገግታቸው ግን እየጎላ ሄደ፤ የመዝሙረኛውን ቃል በፎቶግራፍ ማየት ይመስላል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ፣ ረጃጅም ባሕር ዛፎችን ቀና ብለው ለ1 ደቂቃ ያዩ ሰዎች፣ ሕንፃ ሲያዩ ከቆዩት ይልቅ እስክሪብቶ ለተበተነበት ሰው አብልጠው ለቀሙለት። ዛፉ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ እንጦጦን የሸፈነው የእኛው ባሕር ዛፍ ወገን ነው።

እዚህ ላይ ግን እንጠንቀቅ። በዚያው ዛፍ ሥር ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉና፣ ጀርባው ለጎበጠ ሰው «ቀና በልና ተደነቅ» ብሎ ማስተማር ድፍረት ነው። ባለፈው ማክሰኞ ዛፎቹን ሽቅብ እያየሁ ቆሜ ሳለሁ፣ አንዲት እናት «ልጄ፣ እስቲ ይቺን ገመድ አጥብቅልኝ» አሉኝ። ሸክሙን ደግፌ ገመዱን ሳጠብቅ ክብደቱ ክንዴን አንቀጠቀጠው፤ እርሳቸው ግን «ማርያም ታክብርህ» ብለው ቁልቁለቱን ተያያዙት፤ እኔም ከዓይኔ እስኪሰወሩ ድረስ እርሳቸውን እያየሁ ቆምሁ።