ጥሬ ምግብና የቤት ውስጥ የእጅ ሥራ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጥሬ መብላትና የሚያስፈልገውን ነገር በገዛ እጅ መሥራት ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ። ዛሬ ሰላጣ ማብዛት የጀመረ ሰው ነገ ሳሙናውን ራሱ መሥራት ያምረዋል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ አሮጌ ልብሱን ቀዶ ቦርሳ ይሰፋል። እኔ ሁለቱንም እወዳለሁ፣ ሰው ሁሉ ቢሞክራቸው ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ከሁለቱ ጋር ተጣብቆ የሚዞረው ወሬ ነው። «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም»፣ «ቤት ስለተሠራ ንጹሕ ነው» የሚሉት ነገር ሰው ያሳምማል፣ ቆዳ ያቃጥላል፣ አንዳንዴ ደግሞ ቤት ያቃጥላል፤ አዎ፣ ቤት። ከሁሉም በላይ ደጋግሜ የምሰማቸውን እነሆ።

«ምግብ ሲበስል ይሞታል»

ጥሬ ምግብ ተከታዮች የሚያስቀምጡት የሙቀት ጣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 48 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከዚያ ካለፈ በምግቡ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ይጠፋል፣ ኢንዛይም ከሌለ ደግሞ ሰውነታችን ምግቡን መፍጨት ይቸግረዋል ይላሉ። የመጀመሪያው እውነት አለው፤ ኢንዛይም ፕሮቲን ስለሆነ ሙቀት ያበላሸዋል። ሁለተኛው ላይ ነው ነገሩ የሚሳሳተው። በጥሬው የበላነው ኢንዛይምም ጨጓራ ሲደርስ አሲድ ይጠብቀዋል፣ እዚያም እንደማንኛውም ፕሮቲን ይፈጫል። ካሮት ያዘጋጀው ኢንዛይም ለካሮቱ ለራሱ ኑሮ ነው። ለእኛ የሚያስፈልገንን ምራቃችን፣ ጨጓራችን፣ ቆሽታችንና አንጀታችን በየቀኑ ያመርቱታል። ሰላጣ ብሉ፣ በደንብም ብሉ፣ ግን ለፋይበሩ፣ ለቫይታሚኑና ለጣዕሙ ብላችሁ።

«ማብሰል ጥቅሙን ሁሉ ያጠፋዋል»

ይሄ ግማሽ እውነት ስላለበት ብዙ ሰው ያሳስታል። ቫይታሚን ሲ እና ፎሌት ሙቀትም ውሃም አይስማማቸውም። ጎመን ለረጅም ሰዓት ቀቅላችሁ ውሃውን ስትደፉት ከቫይታሚኑ ብዙው አብሮ ይደፋል። ስለዚህ ቃሪያና ብርቱካን የመሳሰሉትን በጥሬው መብላት ትክክል ነው።

ቲማቲም ግን ሌላ ነው። ቀይ ያደረገው ላይኮፒን የሚባለው ንጥረ ነገር ለሰውነታችን በደንብ የሚደርሰው ቲማቲሙ በስሎ ትንሽ ዘይት ሲያገኝ ነው። የካሮት ቤታ ካሮቲንም እንደዚያው። ስፒናች ውስጥ ያለው ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ካልሲየሙን አስሮ ይይዘዋል፣ ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋ ግን ይቀንሳል፤ የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ጥሬ ስፒናች በየቀኑ ጨምቆ ባይጠጣ ይሻለዋል። እንቁላል ላይ ልዩነቱ በጣም ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ሰውነት ከበሰለ እንቁላል ፕሮቲን 90 በመቶ ያህሉን ሲጠቀም ከጥሬው የተጠቀመው ግማሹን ብቻ ነበር። በዚያ ላይ የጥሬ እንቁላል ነጭ ክፍል ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን ይይዝና አያሳልፍም። ጡንቻ ለማውጣት ጥሬ እንቁላል በብርጭቆ የምትጠጡ ሰዎች፣ እባካችሁ ቀቅሉት።

«ከመሬት የበቀለ ሁሉ በጥሬው ይበላል»

ከሁሉም በላይ የምፈራው ይሄንን ነው። ተክል መሮጥ አይችልም፣ ራሱን የሚከላከለው በኬሚካል ነው።

ቀይ ቦሎቄን እንውሰድ። በጥሬው ፋይቶሄማግሉቲኒን የሚባል መርዛማ ፕሮቲን (ሌክቲን) አለው። አራት አምስት ፍሬ እንኳ ሰውን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊያስታውክና ሊያስቀምጥ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቢያንስ 5 ሰዓት መዘፍዘፍ፣ ውሃውን መድፋት፣ ከዚያ በአዲስ ውሃ በደንብ እያፈሉ ግማሽ ሰዓት ያህል መቀቀል፣ ከዚያም እስኪለሰልስ መቀጠል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሳይፈላ ለብ ባለ ሙቀት ብቻ ለሰዓታት የቆየ ቦሎቄ ጨርሶ እሳት ካልነካው የባሰ ሊመርዝ ይችላል። ስለዚህ «ትንሽ ብቻ አሙቄ፣ ጥሬነቱን ጠብቄ» የሚባለው መንገድ ለቦሎቄ አይሠራም።

ካሳቫና መራራ ለውዝ (መራራ አልሞንድ) በአግባቡ ካልተዘጋጁ ሲያናይድ ይለቃሉ። አረንጓዴ የሆነ ድንች ሶላኒን የሚባል መርዝ አለው፣ ይሄኛው ደግሞ በመቀቀልም አይጠፋም፤ አረንጓዴውን ክፍል አብዝቶ መቁረጥ፣ ብዙ ከሆነ መጣል ነው። በነገራችን ላይ «ጥሬ» ተብሎ የሚሸጠው ካሹ ራሱ ጥሬ አይደለም። ቅርፊቱ ውስጥ ቆዳ የሚያቃጥል ዘይት ስላለ አብዛኛውን ጊዜ በእንፋሎት ወይም በሌላ ሙቀት ካለፈ በኋላ ነው የሚፈለፈለው። የታሸገ አጃም እንዲሁ፣ ከመዳመጡ በፊት በእንፋሎት ያልፋል።

«ቤቴ ያበቀልኩት ቡቃያ ከሁሉም ንጹሕ ነው»

ጥራጥሬ አብቅሎ መብላት ደስ ይላል። ርካሽ ነው፣ ልጆችም ያዩበታል። ግን አስቡት፦ ዘሩ ሲበቅል ለቀናት እርጥበትና ሙቀት ውስጥ ይቆያል፣ ባክቴሪያም የሚፈልገው ልክ ይህንኑ ነው። ባክቴሪያው ብዙ ጊዜ ከዘሩ ጋር ነው የሚመጣው፣ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ስለሚቀመጥ የእናንተ ወጥ ቤት የቱንም ያህል ቢጸዳ ለውጥ አያመጣም። እ.ኤ.አ. በ2011 ጀርመን ውስጥ በአብሽ ቡቃያ ምክንያት በተነሳ የኢ. ኮላይ ወረርሽኝ ከ3,800 በላይ ሰው ታሟል፣ ከ50 በላይ ሞቷል። እርጉዞች፣ ሕፃናት፣ አረጋውያንና በሽታ የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ጥሬውን ባይበሉ ይመረጣል። ሌሎቻችንም መጥበሻ ላይ በደንብ ብናሞቀው ጥሩ ነው።

ለሌላው አትክልት ደግሞ የሚፈስ ንጹሕ ውሃና እጃችሁ በቂ ናቸው። በሳሙና አትጠቡት፣ ሳሙናው ይቀርበታል። አቼቶ ጀርም ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም።

«ጥሬ ወተት መድኃኒት ነው፣ ሥጋም በረዶ ቤት ከገባ ችግር የለውም»

ወተት 72 ዲግሪ ላይ 15 ሰከንድ ሲቆይ ፕሮቲኑና ካልሲየሙ ብዙም አይነካም። ብሩሴላ፣ ሊስቴሪያና የከብት ቲቢ የሚባሉት በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ግን ይሞታሉ። በረዶን በተመለከተ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለ7 ቀን መቆየት ዓሣ ውስጥ ያሉ ጥገኛ ትሎችን ይገድላል። ባክቴሪያን ግን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም፣ በረዶው ሲቀልጥ ይነቃል። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

«ወይ መቶ በመቶ ጥሬ፣ ወይ ምንም»

ብዙ ሰው የሚጎዳው ወይም በሁለት ሳምንት ተስፋ ቆርጦ የሚተወው በዚህ አስተሳሰብ ነው። ጀርመን ውስጥ የጊሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት ለረጅም ጊዜ ጥሬ ምግብ ከሚከተሉ ከ500 በላይ ሰዎች መረጃ ሰብስበው ነበር። ከ45 ዓመት በታች ከሆኑት ሴቶች 30 በመቶ ያህሉ የወር አበባቸው ተዛብቷል ወይም ጭራሽ ቆሟል። ክብደታቸው በጣም የወረደም ብዙ ነበሩ። ምክንያቱ አይገርምም፤ ጥሬ አትክልት ሆድ ይሞላል፣ ጉልበት ግን አይሞላም። ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ ከተክል አይገኝም። ጉበት ያከማቸው ለዓመታት ስለሚያቆይ መጀመሪያ ላይ ምንም አይሰማችሁም፣ ሲያልቅ ግን ነርቭ ነው የሚጎዳው። ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ጨርሳችሁ የምትተዉ ከሆነ ቢ12 ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በኪኒን ወይም በተጨመረበት ምግብ መውሰድ ግድ ነው።

እኔ የምመክረው ከቀኑ አንዱን ማዕድ ጥሬ ማድረግ ነው። ለምሳሌ ሙስሊ የሚባለውን የአጃና የፍራፍሬ ቁርስ እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ ዙሪክ ውስጥ ለሕሙማን ያዘጋጀው ሐኪም ማክሲሚሊያን ቢርኸር-ቤነር ነው፤ ያኔ ዋናው ነገር ከነልጣጩ የተፋቀ ጥሬ ፖም ነበር፣ አጃው ጥቂት ተዘፍዝፎ፣ ሎሚና ለውዝ ጣል ተደርጎበት። ዛሬም ከዚያ የተሻለ ጥሬ ቁርስ አላገኘሁም።

«ቤት ያዘጋጀሁት ስጦታ ማንንም አይጎዳም»

ምግብና የእጅ ሥራ የሚገናኙት እዚህ ጋ ነው። ቆንጆ ጠርሙስ፣ ውስጡ ዘይት፣ ዘይቱ ውስጥ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት፣ አንገቱ ላይ ሪባን። ሲያዩት ያምራል። ነገር ግን ነጭ ሽንኩርት ከአፈር የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘር ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ባክቴሪያ አየር የሌለበትና አሲድ ያነሰበት ቦታ ሲያገኝ መርዝ ያመርታል፣ ዘይት ደግሞ አየሩን ይዘጋለታል። መርዙ ሽታም ጣዕምም የለውም። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣችሁ በ4 ቀን ውስጥ ጨርሱት እንጂ መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ ለሰው አትስጡ። ማርም ቢሆን ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፣ በዚሁ ባክቴሪያ ምክንያት።

«የእኔ ሳሙና ምንም ኬሚካል የለበትም»

ሳሙና ማለት ዘይት ወይም ስብ ከአልካሊ ጋር ተዋህዶ የሚወጣው ነገር ነው። ጠጣር ሳሙና ኮስቲክ ሶዳ ከሚባለው አልካሊ ውጭ አይሠራም። «ኮስቲክ ሶዳ የለውም» ተብሎ እየቀለጠ የሚፈስሰው መነሻ ሳሙናም ቢሆን ሌላ ሰው ቀድሞ ሠርቶታል ማለት ነው። ደስ የሚለው፣ ልኬቱ ትክክል ከሆነ ኮስቲኩ ከዘይቱ ጋር ተዋህዶ ያልቃል፣ በሳሙናው ውስጥ አይቀርም። ስለዚህ ሚዛን ያስፈልጋል፣ በግምትና በሲኒ አይሆንም። ኮስቲኩን ወደ ውሃው ጨምሩ፣ ውሃውን ወደ ኮስቲኩ በፍጹም፤ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። መነጽርና ጓንት አድርጉ። የአሉሚኒየም ድስት አትጠቀሙ፣ ኮስቲኩ ይበላውና የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። ከዚያ ከ4 እስከ 6 ሳምንት አየር እያገኘ ይድረቅ። ትዕግሥት የሌለው ሰው ሳሙና አይሥራ።

«ከወጥ ቤት የወጣ ነገር ለቆዳ ይስማማል»

አይስማማም። ሎሚ ቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲመታው ውሃ የሚቋጥር ቁስል ያስከትላል፣ ጥቁር ምልክቱም ለወራት ይቆያል። ኢሴንሻል ኦይል፣ ማለትም ከተክል የሚወጣው ኃይለኛ መዓዛ ያለው ዘይት፣ ሳይበረዝ አይቀባም። ውሃ የገባበት ክሬም መከላከያ ካልተጨመረበት ሻጋታና ባክቴሪያ ያበቅላል፤ ቫይታሚን ኢ ዘይቱ እንዳይሸት ይረዳል እንጂ ባክቴሪያ አይገድልም። ትንሽ ሥሩ፣ ፍሪጅ ውስጥ አኑሩ፣ በቀናት ውስጥ ጨርሱ። የፀሐይ መከላከያ ቅባት (ሰንስክሪን) ግን ቤት አትሥሩ። የኮኮናት ዘይት የሚከላከለው በጣም ጥቂት ነው፣ የሠራችሁት ምን ያህል እንደሚከላከል ደግሞ ቤት ውስጥ መለካት አይቻልም።

«አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ሲቀላቀሉ ኃይለኛ ማጽጃ ይሆናሉ»

አረፋው ያታልላል። አሲዱና ሶዳው እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፣ የሚቀራችሁ ትንሽ ጨው ያለበት ውሃ ነው። ለየብቻ ግን ጎበዞች ናቸው፤ አቼቶ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የተጋገረውን ነጭ ነገር ያነሳል፣ ሶዳ ድስት ይፈትጋል። በረኪናን ከአቼቶ ጋር በምንም ዓይነት አትቀላቅሉ፣ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ከአሞኒያም ጋር እንዲሁ መርዛማ ጋዝ ነው የሚወጣው።

«የእጅ ሥራ ምን አደጋ አለው?»

ቤት ያቃጥላል ያልኩት እዚህ ጋ ነው። የእንጨት ማንኪያና መክተፊያ የሠራ ሰው የተልባ ዘይት መቀባት ይወዳል፣ ጥሩ ምርጫም ነው። ዘይቱ ሲደርቅ ከኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ሙቀት ያወጣል። የቀባችሁበት ጨርቅ ተጨማዶ ጥግ ላይ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ማንም ክብሪት ሳይጭር በራሱ ሊነድ ይችላል። ጨርቁን ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት። ሌላው፣ ቀለም ላይ «መርዛማ አይደለም» ተብሎ መጻፉ የቀባችሁት ኩባያ ለመጠጫ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ከንፈርና ምግብ የማይነካውን የውጭውን ክፍል ብቻ ቀቡ።

«በእጅ ከተሠራ ይረክሳል፣ ተፈጥሮንም ይጠብቃል»

አዲስ ክር፣ አዲስ ጨርቅና አዲስ መሣሪያ ከገዛችሁ ብዙ ጊዜ አይረክስም፣ ይሄን ቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው። ተፈጥሮን በተመለከተ፣ የዴንማርክ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ጥናት አለ። የጥጥ ቦርሳ ከስስ ፕላስቲክ ከረጢት እንዲሻል ለአየር ንብረት ብቻ ሲሰላ 52 ጊዜ ያህል፣ በሁሉም የጉዳት ዓይነቶች እንዲሻል ከተፈለገ ደግሞ 7,100 ጊዜ ያህል መያዝ አለበት ይላል። ጥጥ ሲመረት ብዙ ነገር ስለሚፈጅ ነው። ስለዚህ አዲስ ጨርቅ ገዝቶ አሥር ቦርሳ መስፋት ሳይሆን ቁም ሣጥን ውስጥ ያለውን የማይለበስ ሸሚዝ ቀዶ አንድ መስፋት፣ እሱንም እስኪበጣጠስ መያዝ ነው የሚሻለው።

«እኔ ተሰጥኦ የለኝም»

የስፌት ማሽን አያስፈልግም። ቦርሳ ለመሥራት አሮጌ የትራስ ልብስ ውሰዱ፣ ሦስት ጎኑ ቀድሞ ተሰፍቷል። አፉን አጥፋችሁ በእጅ ስፉት፣ ከዚያው ጨርቅ ሁለት ማንገቻ ቁረጡና እያንዳንዱን ጫፍ በአራት ማዕዘን፣ መሐሉን ደግሞ በኤክስ ስፉት፤ ክብደት የሚሸከመው እሱ ነው። ክሩ ጠማማ ቢሄድም ይይዛል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃል፣ በማግስቱ ፖም ለመግዛት ይዛችሁት መውጣት ትችላላችሁ።