ድሬዳዋን በሳይክል፦ የጎርፉ መንገድና የኒሙ ጥላ

ድሬዳዋ የሳይክል አገር ናት። ባጃጅ ጎዳናውን ሳይሞላው በፊት ሠራተኛውም ተማሪውም ከፔጆ 404 ታክሲዎቹ ጎን በሳይክል ይሄድ ነበር። ይህ ዳሰሳ የሚያወራው ከዚያ ስለቀጠለ አንድ ልማድ ነው። የሰፈር ሰዎች ሰብሰብ ብለው ከተማቸው ጎርፍንና ሙቀትን እንዴት እንደምትችል በሳይክል እየዞሩ ያያሉ። አንድ ቦታ ላይ ተጽፎ ስላላገኘነው እዚህ አሰባስበነዋል።

ከተማዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። ወደ ሐረር ተራራውን መውጣት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ ባቡሩ ከታች ቀረ። አዲሲቷ ከተማም መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለች። ጣልያኖች ገብተው ወጡ። ከቋንቋቸው ግን ካላማዳሪና ጎሚስታ እስከ ዛሬ ከሳይክላችን ጋር አሉ።

ዙሩ የሚጀምረው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ከለገሃሬ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ አይቻልም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከሐረር ጋር ሲነጻጸር ሙቀቷ ሌላ ነው። ከጣቢያው ወደ ከዚራ ሰፈር ሲገባ ቀጥ ያሉ መንገዶችና ትልልቅ ዛፎች ይቀበላሉ። ከኒሙ ዛፍ ስር ሲያልፉ የግንባር ላብ ይቀዘቅዛል። ዛፉ አልቆ ቆርቆሮና አስፋልት ብቻ ሲቀር ሙቀቱ ፊት ላይ ይመታል። መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይህን ልዩነት አያገኘውም። ከዚራን የነደፉት ሰዎች ጥላን እንደ መንገድ ሥራ መቁጠራቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ድሬ ዛሬም በእሱ ትኮራለች።

ሳይክል ሌላም ነገር ይናገራል። ወደ ደቡብ፣ ወደ ተራራው ሲዞሩ ፔዳሉ ይከብዳል። ወደ ሰሜን ሲመለሱ ሳይረግጡ ይሄዳሉ። ዓይን ሜዳ ነው የሚለውን እግር ቁልቁለት መሆኑን ያውቃል። ውኃውም የሚሄደው በዚያው ነው።

ደቻቱ ወንዝ ጋ ሁሉም ከሳይክሉ ይወርዳል። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። የከዚራንና የመጋላን ሰፈሮች የሚለየውም እሱ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ላይ፣ ከተማው ተኝቶ ሳለ፣ በደቡብ ከፍታዎች የዘነበው ዝናብ በዚህ አሸዋ ላይ ወረደ። ቤት ከነሰው ተወሰደ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ቤት አልባ ሆነ። የሟቾቹ ቁጥር ከዘገባ ዘገባ ይለያያል። አንዱ የጠፉትን ይጨምራል፣ ሌላው ያገኘውን አስከሬን ብቻ ይቆጥራል። የቀፊራ ገበያ አካባቢም ተጎድቷል። በዳርቻው የሚኖሩ እናቶች ውኃው የደረሰበትን ከፍታ ግድግዳ ላይ በመዳፋቸው ያሳያሉ። እኛ ስንዞር አንዷ እጇን ከራሷ በላይ ሰቅላ «እዚህ» አለችን፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አልጨመረችም።

ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳር የድንጋይ ግንብ ተሠራ፣ የተፈናቀሉትም አዲስ ቤት ተሠራላቸው። በላይኛው ተፋሰስ እርከንና ችግኝ ተጀመረ። ግንቡ ብዙ ረድቷል። ሆኖም በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ጎርፍ እንደገና የሰው ሕይወት አጥፍቷል። ዋናው መድኃኒት ያለው ከግንቡ ይልቅ ከላይ፣ ተራራው ላይ ነው ብለን እናምናለን።

ከከተማው ወጣ ሲባል፣ በመልካ ጀብዱ በኩል፣ ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ አለ። በረሃን ይገታል ተብሎ ወደ ሀገራችን የመጣው በድሬዳዋ ጎሮ ችግኝ ጣቢያ በኩል ነው ይባላል። ዛሬ የግጦሽ መሬት እየዋጠ ነው። ለሳይክል ነጂ ደግሞ ካላማዳሪ ቀዳጅ ነው። እዚያ ሲደርሱ ግማሹ ሰው ጎማ ሲነፋ ግማሹ የተገኘው ዛፍ ሁሉ ዝም ብሎ ለምን እንደማይተከል ያወራል።

ሀገራችን በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ከመኪና ነጻ ቀን ጀመረች። ከ2020 እስከ 2029 (እ.ኤ.አ.) የሚዘልቅ የእግረኛና የሳይክል ስትራቴጂም አለ። ድሬ ለዚህ የተፈጠረች ከተማ ናት።

መምጣት ለሚፈልግ፦ ሳይክል በሰዓት ኪራይ ይገኛል። ሁለት ሊትር ውኃና አንድ መለዋወጫ ካላማዳሪ ይያዝ። ዝናቡ በሚበረታባቸው በሚያዝያና በነሐሴ ከመነሳታችን በፊት ወደ ደቡቡ ተራራ፣ ወደ ደንገጎ እናያለን። እዚያ ላይ ደመና ከጠቆረ፣ ድሬ ላይ ፀሐይ ቢያቃጥልም፣ ደቻቱን የምናየው ከድልድዩ ላይ ሆነን ነው። አሸዋው ላይ ማንም አይወርድም።