የማሽን ክፍሎች የቅርጽ ቶለራንስ (የሚፈቀድ የልዩነት ገደብ) እና የገጽ ልሙጥነት አወሳሰን

በሥራ ንድፍ ላይ «25 ሚሊሜትር፣ ሲደመር ሲቀነስ 0.01» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ሻፍት (የሚዞር ዘንግ) ስለ ውፍረቱ እንጂ ስለ ቀጥተኛነቱ ምንም አልተባለለትም። በዓለም አቀፉ ደንብ በአይኤስኦ 8015 እያንዳንዱ ገደብ ራሱን የቻለ ነው፤ ውፍረቱ በየቦታው ልክ እስከሆነ ድረስ ሻፍቱ ቢጎብጥም የመጠን ገደቡን አልጣሰም። የአሜሪካው ደንብ ኤኤስኤምኢ ዋይ14.5 ግን ሌላ ካልተባለ በቀር በትልቁ በተፈቀደው መጠን የተሠራ ክፍል ቅርጹ ፍጹም እንዲሆን ይጠይቃል። የትኛው ደንብ እንደሚገዛ ንድፉ ላይ ካልተጻፈ ያው ቁጥር ለሁለት አምራቾች ሁለት የተለያየ ትእዛዝ ይሆናል።

ክብነት ከሁሉም በላይ የሚያታልል ነው። በሴንተርለስ ግራይንደር (ሻፍቱን በሴንተር ሳይዝ በሚፈጭ ማሽን) የወጣ ሻፍት አንዳንዴ ሦስት ወይም አምስት ጉብታ ይኖረዋል። ጉብታዎቹ ጎዶሎ ቁጥር ስለሆኑ ከአንዱ ጉብታ ትይዩ ያለው ዝቅታ ነው፤ ማይክሮሜትር (የውፍረት መለኪያው መሣሪያ) በየትኛውም አቅጣጫ ቢይዘው አንድ ዓይነት ንባብ ይሰጣል። ሻፍቱ ግን በማይክሮሜትሩ ልክ ወደ ተሠራ ቀዳዳ አይገባም። በ60 ዲግሪ ቪ ብሎክ (የቪ ቅርጽ ባለው ማስቀመጫ) ላይ አስቀምጦ ከላይ ዳያል ጌጅ (ባለ መርፌ መለኪያ) አሳርፎ ቢያዞሩት የባለ ሦስት ጉብታው ስህተት በሦስት እጥፍ ጎልቶ ይነበባል።

6205 የተባለው ኩሽኔታ (ቤሪንግ) የሚቀመጥበትን የ25 ሚሊሜትር ቦታ እንውሰድ። ኬ6 የሚባለው ልክ ከ25.002 እስከ 25.015 ሚሊሜትር ይፈቅዳል። ይህ ብቻ አይበቃም፤ የኩሽኔታው ውስጠኛ ቀለበት ስስ በመሆኑ የተቀመጠበትን ሻፍት ቅርጽ ይይዛል፣ ኳሶቹም የሚሮጡት በተወላገደ መንገድ ነው። ስለዚህ ለሲሊንደርነቱ 5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ገደማ፣ ለአማካይ ሻካራነቱ፣ ማለትም ለአርኤ፣ 0.8 ማይክሮን ይጻፋል። በሻፍቱ ላይ ማርሽ የሚቀመጥበት ቦታ ራንአውት (ሲዞር የሚታየው መወዛወዝ) መለካት ያለበት ሁለቱን የኩሽኔታ ቦታዎች በጋራ ዳተም (የልኬት መነሻ) አድርጎ ነው፤ ሻፍቱ ማሽኑ ውስጥ የሚዞረው በእነሱ ላይ እንጂ ቶርኖ ላይ በተያዘበት የሴንተር ቀዳዳ አይደለምና።

ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደው ቀለበት) የሚነካው ገጽ ደግሞ በአርኤ ብቻ አይገዛም። የተለመደው ገደብ ከ0.2 እስከ 0.8 ማይክሮን ነው። ከዚያ በላይ ከሻከረ የሲሉን ከንፈር ይበላል፣ ከመጠን በላይ ከለሰለሰ ደግሞ ዘይት አይይዝምና ከንፈሩ ይቃጠላል። ቁጥሩ ትክክል ሆኖም ዘይት የሚያፈሰው ግን የቢላው መንገድ እንደ ብሎን ጥርስ ተጠማዞ ሲቀር ነው፤ ሻፍቱ በአንድ አቅጣጫ ሲዞር ዘይቱን ወደ ውጭ ይገፋል። አርኤ ይህን አያይም። ንድፉ ላይ «ጠመዝማዛ አሻራ የሌለው፣ ድንጋዩ ወደ ጎን ሳይሄድ በቀጥታ ገብቶ የተፈጨ» ተብሎ መጻፍ አለበት። መፈተኛውም ቀላል ነው፦ ዘይት በተቀባ ሻፍት ላይ ቀላል ክብደት ያንጠለጠለ ክር ይጣልና ሻፍቱ በዝግታ በሁለቱም አቅጣጫ ይዞራል። ዙሩ ሲገለበጥ ክሩም የሚሄድበትን ጎን ከቀየረ አሻራ አለ። ሻፍቱን እያዞሩ የብርጭቆ ወረቀት ወደ ጎን እየጎተቱ «ማሳመር» ይህንኑ ጥፋት ይፈጥራል።

ቶርኖ ላይ የገጹን ልሙጥነት በዋናነት የሚወስኑት ፊዱ (ቢላው በየዙሩ የሚጓዘው ርቀት) እና የቢላው ጫፍ ሬዲየስ ናቸው። የፊዱ ስኩዌር ለሬዲየሱ ስምንት እጥፍ ሲካፈል የሸንተረሩ ከፍታ ይገኛል፤ ሬዲየሱ 0.8፣ ፊዱ 0.2 ሚሊሜትር ከሆነ 6.25 ማይክሮን፣ ፊዱ ወደ 0.1 ሲወርድ 1.6 ገደማ። ይህ ቢላው ስል ሲሆንና ማሽኑ ሳይንቀጠቀጥ ነው።

ለቀዳዳ ቦታ ሲደመር ሲቀነስ መጻፍ ቦታ ያባክናል። ሲደመር ሲቀነስ 0.1 አራት ማዕዘን ይሠራል፤ ጥጎቹ ላይ ያለ ቀዳዳ ከተቀበሉት፣ በየአቅጣጫው ያን ያህል የራቀውን የሚጥሉበት ምክንያት የለም። በዲያሜትር 0.28 ክብ ቢደረግ 57 በመቶ የሰፋ ቦታ ይገኛል። ይህን አስተሳሰብ በ1940 እ.ኤ.አ. አካባቢ ያራመደው በስኮትላንድ አሌክሳንድሪያ የቶርፒዶ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ስታንሊ ፓርከር ነው። ባለ 6 ሚሊሜትር ብሎን በሁለት ላሜራ ባለ 6.6 ቀዳዳ ካለፈ ለእያንዳንዱ ላሜራ 0.6 ይፈቀዳል። አንደኛው ላሜራ ጥርስ ካለው ግን 0.6ቱ ለሁለቱ ይካፈላል፣ 0.3 ለየራሳቸው፤ ጥርሱ ዘንበል ካለም ብሎኑ ከላይ ይበልጥ ስለሚርቅ ገደቡ ከጥርሱ በላይ ወጥቶ መለካት አለበት።

የማይጠቅም ጥብቅ ቁጥር ከላላው ያላነሰ ጉዳት አለው፤ ክፍሉ ያለ ምክንያት ወደ ግራይንደር ይሄዳል፣ ደህናውም ይጣላል። ከድሮ ንድፍ የሚገለበጠው «አይኤስኦ 2768» የተባለው የአጠቃላይ ገደቦች ደንብ ራሱ መታየት አለበት፤ ቅርጽን የሚመለከተው ሁለተኛ ክፍሉ በ2021 እ.ኤ.አ. ተሰርዞ በአይኤስኦ 22081 ተተክቷል።

ልኬት ሁሉ የሚቆጠረው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። 100 ሚሊሜትር አልሙኒየም በ30 ዲግሪ 23 ማይክሮን ይረዝማል፤ ኤች7 በሚባለው ልክ የሚሠራ የ100 ሚሊሜትር ቀዳዳ ጠቅላላ ቶለራንስ 35 ማይክሮን መሆኑ ሲታይ ከማሽኑ ትኩስ እንደወጣ መለካት ዋጋ የለውም። ኒኬል ወይም ክሮም የሚቀባ ሻፍትም 10 ማይክሮን ሲለብስ ዲያሜትሩ በ20 ይጨምራል፤ ልኩ ከቅቡ በፊት ይሁን በኋላ ንድፉ መናገር አለበት።