ፓቲና ምንድን ነው?

«ፓቲና የሳንቲም እድፍ ነው፤ በሎሚና በጨው አሽታችሁ ካላስለቀቃችሁት ገዢ አታገኙም» የሚል ምክር ሰሞኑን ደግሜ አነበብሁ። ምክሩን የሰጡት ሰው ለመርዳት አስበው እንደ ጻፉ አልጠራጠርም፤ ይሁን እንጂ ቃላቸው ተሰምቶ የታጠበ የመዳብ ሳንቲም ሁሉ የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል።

እድፍ ከውጭ መጥቶ የሚለጠፍ ነገር ነው። ፓቲና ግን መዳቡ ራሱ ነው፤ የላይኛው ገጹ ከአየር ኦክስጅን ጋር በዝግታ ተዋሕዶ ቀጭንና ቡናማ ሽፋን ይሆንና ከሥሩ ያለውን መዳብ ይጠብቃል። ሎሚ ይህን ሽፋን ሲያሟሟ የሚወስደው የሳንቲሙን አካል ነው። በጎመን ዘር ተሟሽቶ ለዓመታት የተጋገረበትን ምጣድ ያስቡ፤ ጥቁሩን ልስልስ ገጹን ቆሻሻ ነው ብሎ በአሸዋ የሚፍቅ የለም፤ ቢፋቅ እንጀራው ይይዛል። ምጣዱስ እንደገና ይሟሻል፤ ሳንቲም ግን ሲቀረጽ በማተሚያው ግፊት ያገኛቸው፣ ሳንቲሙን ሲያዟዙሩት ብርሃን በገጹ ላይ የሚንከባለል የሚያስመስሉ ረቂቅ መስመሮች አንዴ ከጠፉ አይመለሱም።

በቅርቡ አንድ ወጣት ፲፱፻፴፮ ዓ.ም. የተጻፈበት ባለ አንበሳ የመዳብ 10 ሳንቲም አጥቦ አመጣልኝ። በማጉያ መነጽር ሳየው የአንበሳው ጋማ ጫፍ ጫፉ ተልጦ፣ ምስልም ጽሑፍም በሌለበት ባዶ ገጹ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ የሄዱ ጭረቶች ተሰምረውበት፣ በፊደላቱ ጥግ ደግሞ ጥቁር ቅሪት ቀርቶ ነበር፤ ቀለሙም ፕላስቲኩ እንደ ተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሮዝ መልክ ያለው ቀይ ነበር።

የሎሚውን ምክር የሰጡት ሰው «አሜሪካ ውስጥ ቀዩ ፔኒ ከቡናማው በብዙ እጥፍ ይሸጣል» ብለው ይከራከራሉ (ፔኒ የአሜሪካ አንድ ሳንቲም ነው)። እውነት ነው፤ ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። የፕሬዚዳንት ሊንከን ምስል ባለበት ፔኒ ደረጃ አወጣጥ «ቀይ» የሚባለው ከተመታበት ቀን የነበረው ቀለም 95 በመቶውና ከዚያ በላይ ሳይጠፋ የቆየለት ሳንቲም ነው፤ የሚከፈለውም ላልተነካው ገጹ እንጂ ለቅላቱ አይደለም። ባለሙያ የታጠበውን ወዲያው ይለየዋል፤ ዋጋውም ሳይነካ ከቆየው ቡናማ በታች ይወርዳል።

ፓቲና አረንጓዴም ሊሆን ይችላል፤ አረንጓዴ ነገር ሁሉ ግን ፓቲና አይደለም። ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ የቆየ ሳንቲም ላይ የሚታየው የሚያጣብቅ አረንጓዴ በንጹሕ አሴቶን (ቅባትና ፕላስቲክ የሚያሟሟ ፈሳሽ) ይለቃል፤ አሴቶን መዳቡን አይነካምና። ሲነኩት የሚረግፍ፣ ተጠርጎም የሚመለስ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ግን በክሎራይድ (በገበታ ጨው ውስጥም ባለው ንጥረ ነገር) የሚመጣ፣ «የመዳብ በሽታ» የሚባል መበላት ነው፤ እንዲህ ያለው ሳንቲም ባለሙያ እስኪያየው ድረስ ከሌሎቹ ተለይቶ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ።