የፋውንዴሽን ግራንት ምንድን ነው?

መድኃኒቱ በነፃ ነው የሚመጣው። ዚትሮማክስ ይባላል፤ ለትራኮማ፣ በተለምዶ የዓይን ማዝ ለምንለው በሽታ፣ የሚሰጥ ነው። አምራቹ ፋይዘር እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ለዓለም አቀፉ የትራኮማ ዘመቻ በእርዳታ ይሰጠዋል። ክኒኑ ግን በራሱ ቀበሌ አይደርስም። መኪና ይፈልጋል፣ ነዳጅ ይፈልጋል፣ ለሚያድሉት ሰዎች አበል ይፈልጋል። ምልክት የተደረገበት የቁመት መለኪያ ዘንግ እንኳ መሠራት አለበት፤ ስንት ክኒን እንደሚሰጥ የሚወሰነው በሰውየው ቁመት ነውና። እንዲህ ያለውን ወጪ ከሚሸፍኑት ገንዘቦች አንዱ የፋውንዴሽን ግራንት ነው።

ግራንት የማይመለስ ገንዘብ ነው። ወለድ የለውም፣ ሰጪውም ትርፍ አይጠብቅበትም። ነገር ግን ውል አለው። ለምን ሥራ፣ የት፣ እስከ መቼ፣ ለስንት ሰው የሚለው ሁሉ ተጽፎ ይፈረማል። ከተጻፈው ውጪ ካዋላችሁት መልሱ ልትባሉ ትችላላችሁ።

ፋውንዴሽን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ባለሀብት ወይም ቤተሰብ ለበጎ ሥራ ብሎ ያስቀመጠው ሀብት ነው። ዋናው ገንዘብ ኢንቨስት ይደረግና ከሚያፈራው ላይ ይሰጣል። ሮክፌለር ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ1913 ተቋቁሞ ዛሬም የሚሰጠው በዚህ መንገድ ነው። እንደ ላየንስ ክለብ ዓለም አቀፍ ፋውንዴሽን ያሉት ደግሞ ከአባላትና ከደጋፊዎች መዋጮ ይሰበስባሉ። በአማራ ክልል ካርተር ማዕከል ከሚባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ሆኖ የትራኮማን ሥራ ለዓመታት የደገፈው ይኸው ፋውንዴሽን ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አሜሪካ ውስጥ የግል ፋውንዴሽኖች በየዓመቱ ከሀብታቸው 5 በመቶ ያህሉን ለበጎ ዓላማ እንዲያውሉ ሕግ ያስገድዳቸዋል። መስጠት ሥራቸው ነው። ስለዚህ አመልካች አንገቱን ደፍቶ መለማመጥ የለበትም፤ የሚያስፈልገውን በግልጽ መጠየቅ ይችላል።

ሂደቱ ብዙም አያስቸግርም። መጀመሪያ አጭር የሐሳብ ማስታወሻ ይላካል፤ ከተወደደ ሙሉ ፕሮፖዛልና በጀት ይጠየቃል። ቀጥሎ ድርጅቱ ይመረመራል፦ ምዝገባው፣ ቦርዱ፣ የኦዲት ሪፖርቱ። ውል ከተፈረመ በኋላ ገንዘቡ በየዙሩ ይለቀቃል፤ ቀጣዩ ዙር የሚመጣው ሪፖርት ሲገባ ነው። ዋሽንግተንና አካባቢው ያሉ ወገኖቻችን አገር ቤት ያለ ክሊኒክ ለመርዳት ሲሰባሰቡ ቀድመው 501 ሲ 3 የሚባለውን፣ ከግብር ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ማኅበር ምዝገባ የሚያወጡትም ለዚህ ነው። የአሜሪካ ፋውንዴሽን እዚያው ለተመዘገበ ማኅበር መስጠት ይቀለዋል። በቀጥታ ለውጭ አገር ድርጅት ሲሰጥ ተጨማሪ የማጣራት ወይም የክትትል ግዴታ ይመጣበታል።

ዋናው ጉዳይ ግን ገንዘቡ የታሰረ ነው ወይስ ያልታሰረ የሚለው ነው። የታሰረው፣ ፕሮጀክት ፈንድ የምንለው፣ ለተወሰነ ሥራ ብቻ ይውላል። ያልታሰረውን፣ ማለትም ኮር ፈንዱን፣ ድርጅቱ ራሱ ባየው ክፍተት ላይ ያውለዋል። አብዛኛው የታሰረ ነው። በድሃ ሰው ጤና ላይ ደግሞ ይህ ማሰሪያ ያሳስበኛል።

ወደ ዓይን ማዙ እንመለስ። በሽታው በልጅነት ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብ ውስጡ ይጠባሳል፤ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ብሌኑን ይፍቃል። ብዙ እናቶች ስቃዩን ለማስታገስ ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ ይነቅላሉ። ተመልሶ ሲበቅል ደግሞ ይወጋል። መፍትሔው ትንሽ ቀዶ ጥገና ነው፤ የሠለጠነ ነርስ ጤና ጣቢያ ውስጥ ይሠራዋል። በነፃ ነው። ይሁን እንጂ እናትየው ጤና ጣቢያ ለመድረስ ትራንስፖርት ያስፈልጋታል። ዓይኗ ተሸፍኖ ስለምትውል እጇን ይዞ የሚመልሳት ሰው ትፈልጋለች። ስፌቱ እንዲወጣላት ከሳምንት በኋላ ገደማ መመለስ ሊኖርባት ይችላል። ወቅቱ አጨዳ ከሆነ እሷም አጃቢዋም የሥራ ቀን አጡ ማለት ነው።

በጀቱ ላይ «የቀዶ ጥገና ዕቃ» የሚል መደብ አለ፤ «ለታካሚና ለአጃቢ ትራንስፖርት» የሚል ላይኖር ይችላል። ካልተጻፈ አይከፈልም። ነርሷ ሠልጥና፣ ዕቃው ተሟልቶ፣ ታካሚዋ ትቀራለች።

ጊዜውም ሌላ ችግር ነው። ብዙ ግራንት ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ነው። የታደለ ክኒንና የተሠራ ቀዶ ጥገና በዚህ ጊዜ ተቆጥሮ ሪፖርት ይደረጋል። ፊት መታጠብ፣ ውሃ፣ መጸዳጃ ቤት ግን ዓመታት የሚፈጅ የልማድና የመሠረተ ልማት ሥራ ነው። በእኔ እምነት ለጋሾች መቁጠር የሚቀልላቸውን አብልጠው መደገፋቸው ትልቅ ስህተት ነው። ውሃ በሌለበት መንደር በሽታው ከክኒኑ በኋላ ሊመለስ ይችላል።

እንደ ደመወዝና ኪራይ ያለው አስተዳደራዊ ወጪ ላይም ማሰሪያ አለ። የኢትዮጵያ ሕግ ራሱ ጣሪያ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የድርጅቶች አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢያቸው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ጣሪያውን 30 በመቶ አድርጎት ነበር። ሲታይ የድሮው የተሻለ ይመስላል። በአሠራር ግን እንደ ጉዞና ክትትል ያሉ፣ ሥራው ያለ እነሱ የማይሠራባቸው ወጪዎች ጭምር አስተዳደራዊ ተብለው ይመደቡ ነበር። ለዚህ ነው ከመቶኛው ይልቅ ወጪው የት መደብ እንደገባ መታየት ያለበት።

አንዳንድ ሰጪዎች መንገዳቸውን ቀይረዋል። ፎርድ ፋውንዴሽን ለፕሮጀክት በሚሰጠው ላይ ለቢሮና ለአስተዳደር የሚፈቅደውን ከ10 ወደ 20፣ በኋላም ወደ 25 በመቶ አሳድጓል። አሜሪካዊቷ ባለሀብት ማኬንዚ ስኮት እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ለብዙ ድርጅቶች ያለ ማሰሪያ ትልልቅ ገንዘብ ሰጥታለች።

የእናንተ ሰጪ እንደነሱ ካልሆነስ? ፕሮፖዛሉ ሲጻፍ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አስቀምጡና ታካሚ ለምን እንደሚቀር ጠይቋት። የምትነግራችሁን እያንዳንዱን ምክንያት ወደ በጀት መደብ ቀይሩት፤ ትራንስፖርቱን፣ የአጃቢውን ምሳ፣ የክትትል ጉዞውን። ውሉ ሲመጣ ደግሞ ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው ገንዘብ ማዛወር የሚፈቅደውን አንቀጽ ፈልጋችሁ አንብቡ። ብዙ ጊዜ እስከተወሰነ መቶኛ ድረስ ያለ ፈቃድ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን አስቀድሞ በጽሑፍ ማስፈቀድ ይጠይቃል። አንቀጹ ከሌለ ከመፈረማችሁ በፊት እንዲገባ ጠይቁ።